አልፈትንም ያለው መፈተሻ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት ትንሽ ፍላጎትና ስለ ብዙ እምቢታ ላጫውታችሁ። ፍላጎቷ አንድ መስመር አትሞላም። እምቢታው ግን ከደሴ ተነስቶ፣ ተራራውን ዞሮ፣ ተመልሶ ደሴ ይገባል።

ዘቢባ የምትባል ፕሮግራም ጸሐፊ ነበረች። የምትሠራው ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮዋ የጋሽ ይመር ናት፤ ሠራተኞቹም እሷና እሳቸው ብቻ ናቸው። ከሥራዎቿ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ከከተማ ወጣ ብሎ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ በጃቫስክሪፕት የጻፈችውን ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ነርሷ የሕፃኑን ስምና ክብደት ታስገባለች፤ ፕሮግራሙ ለሕፃኑ የሚሰጠውን የሽሮፕ መጠን ይነግራታል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ከጤና ጣቢያው ስልክ ተደወለ። ሲስተር የሻረግ ናቸው፣ የሕፃናት ክፍሏ ነርስ።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽንሽ ትናንት ጉድ ሊሠራኝ ነበር» አሉ። «የአንዲት ሕፃን ክብደት ጻፍኩለት፤ ለበሬ የሚበቃ ሽሮፕ ስጪ አለኝ። ደንግጬ አጠፋሁትና እንደገና ብጽፈው ትክክለኛውን አመጣ።»

«ምን ብለው ነበር የጻፉት፣ ሲስተር?»

«ክብደቷን ነዋ! ሌላ ምን እጽፋለሁ?»

ዘቢባ እዚያው ቁጭ ብላ ሞከረች። ስምንት ነጥብ አምስት ብላ ጻፈች፤ ልክ መጣ። ስድስት ነጥብ ሁለት ብላ ጻፈች፤ ልክ መጣ። ምሳዋን ሳትበላ ሞከረች፤ ሁሉም ልክ መጣ። ጋሽ ይመር ከወዲያኛው ጠረጴዛ ቀና ብለው «የእጅ ስህተት ነው» አሏት። «ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ገፋ፤ አንድ ቁልፍ ደግመው ነክተው ይሆናል።» ጤና ጣቢያ ያሉትም ለሲስተር ይህንኑ አሏቸው።

ለዘቢባ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። ሲስተር የሻረግ ያቺን ቁጥር ያዩዋት ብዙ ሕፃን ስላስታመሙ ነው። ሌላ ሰው ቢሆንስ? የቸኮለ፣ ማሽን አይሳሳትም ብሎ የሚያምን ሰው ቢሆንስ? ያቺ ቁጥር ከየት እንደመጣች ማግኘት አለብኝ አለች። ፍላጎቷ ይቺው ናት።

ስለዚህ ፈተና ጻፈች። ፈተና ማለት ፕሮግራሙን «ይህን ብሰጥህ ምን ትመልሳለህ?» እያለ የሚጠይቅ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሰው በደከመው ቀን ሊጽፍ የሚችለውን ሁሉ አሰበችና በቁልፍ ሰሌዳ ላይ ያለውን ምልክት አንድም ሳታስቀር፣ የእንግሊዝኛውንም የአማርኛውንም፣ በየክብደቱ መካከል እየሰነቀረ እንዲጠይቅ አደረገችው። በእጅ ቢሞከር የማያልቅ ጥያቄ ነው። ከዚያም ፈተናዎችን የሚያስኬደውን መሣሪያ፣ መፈተሻውን፣ አስነሳችና «ፈትን» አለችው።

መፈተሻው በቀይ ጽሑፍ መለሰላት። ፈተናው የት እንደተቀመጠ አልተነገረኝም፤ በምን እንደማነበው አልተነገረኝም፤ ማዋቀሪያ ፋይል ካልተጻፈልኝ አልፈትንም አለ።

መፈተሻው አይፈትንም፣ ዘቢባም ያቺን ቁጥር አታገኛትም።

ዘቢባ «እሺ፣ ይሄማ ምን ይከብዳል» ብላ ማዋቀሪያውን ጻፈች። ማዋቀሪያ ለመሣሪያው የሚሰጥ የመንገድ ምሪት ነው። ፈተናዎቹን እዚህ ፈልግ፤ ያንን ማኅደር እለፈው፤ እንደ ድረ ገጽ ማሳያ ሆነህ ሥራ ይላል። ፋይሉን አስቀምጣ እንደገና «ፈትን» አለች። ማዋቀሪያው ደግሞ እኔ የተጻፍኩት በአዲሱ የጃቫስክሪፕት አጻጻፍ ነው፣ ይህ መፈተሻ የሚያውቀው የድሮውን ነው፣ በመካከላችን ተርጓሚ ካልገባ አልነበብም አለ።

ማዋቀሪያው አይነበብም፣ መፈተሻው አይፈትንም፣ ዘቢባም ያቺን ቁጥር አታገኛትም።

ተርጓሚውን አመጣችው። አዲሱን አጻጻፍ ወደ ድሮው የሚገለብጥ ፕሮግራም ነው፤ እሱም የራሱን ማዋቀሪያ ፋይል ፈለገ፤ ጻፈችለት። የፋይሉን ስም አንዴ ከነቅጥያው፣ አንዴ ያለ ቅጥያው፣ አንዴ ከፊቱ ነጥብ አድርጋ ሞከረች። በመጨረሻ አገኘው፤ አገኘውና ቆመ። ተርጓሚው ከኔ በታች ያለው ማስኬጃ አርጅቷል፣ እሱ ካልታደሰ አልነሳም አለ። ማስኬጃ የሚባለው ጃቫስክሪፕት የተጻፈውን ሁሉ ተሸክሞ የሚያንቀሳቅሰው ነው። ያለውም በቢሮው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የጤና ጣቢያው ፕሮግራም የሚሠራው እዚያው ነው፤ ዘቢባና ጋሽ ይመርም ከየጠረጴዛቸው እዚያው ገብተው ይጽፋሉ።

ማስኬጃውን ልታድስ ስትል የይለፍ ቃል ጠየቃት። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ጋሽ ይመር ናቸው።

ማስኬጃው አይታደስም፣ ተርጓሚው አይነሳም፣ ማዋቀሪያው አይነበብም፣ መፈተሻው አይፈትንም፣ ዘቢባም ያቺን ቁጥር አታገኛትም።

«ጋሼ፣ ማስኬጃውን ያድሱልኝ» አለቻቸው።

ጋሽ ይመር እጃቸውን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሱ። «እሱ አይነካም።»

«አርጅቷል እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። በላዩ ላይ ግን የኑሩ ሪፖርት አለ።»

ኑሩ ቢሮውን ከጋሽ ይመር ጋር የከፈተ ጓደኛቸው ነበር። ዘቢባ አላወቀችውም፤ እሷ ሳትቀጠር ነው የሞተው። የጤና ጣቢያውን ወርሃዊ ሪፖርት የሚያወጣውን ክፍል የጻፈው እሱ ነው። ኑሩ ከሞተ ወዲህ ጋሽ ይመር ያንን ፋይል አንድም ቀን ከፍተውት አያውቁም። እንደጻፈው ይሠራል፤ እንደሠራ ይኑር ነው የሚሉት።

ጋሽ ይመር «ማስኬጃው ተቀይሮ የሱ ነገር ቢሰበር የምጠይቀው ሰው የለኝም» አሏት። «ጤና ጣቢያው አንድ ከሰዓት ሙሉ ሥራ ያቁምልኝ። ቢሰበር ተረጋግቼ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ። ሰው እየሠራበት ግን አልፈቅድም።»

ጋሽ ይመር አይፈቅዱም፣ ማስኬጃው አይታደስም፣ ተርጓሚው አይነሳም፣ ማዋቀሪያው አይነበብም፣ መፈተሻው አይፈትንም፣ ዘቢባም ያቺን ቁጥር አታገኛትም።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው። ኃላፊው አቶ አበጋዝ ቢሮ ገብታ ጉዳይዋን አስረዳች። አቶ አበጋዝ ሰው ሲያዳምጡ እስክሪብቶ የሚፈታቱ፣ ትሑት ሰው ናቸው። እስክሪብቶውን ፈትተው ገጠሙና «አንድ ከሰዓት ቀላል ነው» አሉ። «ግን በማሽኑ የሚሠሩት ሲስተር የሻረግ ናቸው። ባለፈው እጅዎ ነው የተሳሳተው ብለናቸው ተቀይመውናል። አሁን ደግሞ ሳላማክራቸው ማሽኑን ብዘጋባቸው ደግ አይሆንም። እሳቸው እሺ ካሉ ከሰዓቱን እሰጥሻለሁ፤ እሳቸው እሺ ካላሉ አልሰጥም።»

አቶ አበጋዝ ከሰዓቱን አይሰጡም፣ ጋሽ ይመር አይፈቅዱም፣ ማስኬጃው አይታደስም፣ ተርጓሚው አይነሳም፣ ማዋቀሪያው አይነበብም፣ መፈተሻው አይፈትንም፣ ዘቢባም ያቺን ቁጥር አታገኛትም።

ወደ ሕፃናት ክፍል ሄደች። ሲስተር የሻረግ አንዱን ሕፃን መዝነው ለእናቱ እያቀበሉ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጸጉራቸውን በነጭ ሻሽ ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው።

«አንቺ ነሽ ዘቢባ? በስልክ ትልቅ ሴት መስለሽኝ ነበር» አሉ።

«ሲስተር፣ አንድ ከሰዓት ማሽኑን ሳይነኩ እንዲውሉልኝ ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

«ለምን?»

«ከሥሩ የሚታደስ ነገር አለ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «የበሬ መጠን ሲያመጣብኝ እጅዎ ነው አላችሁኝ። አሁን ደግሞ ልታድሱት! ነገ ሌላ ጉድ ይዞ ቢመጣ ያኔም እጄ ሊሆን ነው? አይሆንም። መጀመሪያ እንደማይሳሳት አሳዪኝ፤ ከዚያ ከሰዓቱን ውሰጂ።»

«እንደሚሳሳትና እንደማይሳሳት የሚያሳየኝ እኮ ፈተናው ነው፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ፈተናውን አምጪዋ!» አሉና የሚቀጥለውን ሕፃን ተቀበሉ።

ዘቢባ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ፣ ተራ ከሚጠብቁት እናቶች መካከል አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሲስተር እሺ አይሉም፣ አቶ አበጋዝ ከሰዓቱን አይሰጡም፣ ጋሽ ይመር አይፈቅዱም፣ ማስኬጃው አይታደስም፣ ተርጓሚው አይነሳም፣ ማዋቀሪያው አይነበብም፣ መፈተሻው አይፈትንም፣ እኔም ያቺን ቁጥር አላገኛትም። ያቺ ቁጥር ካልተገኘች ደግሞ ሲስተር እሺ አይሉም። ዞሮ ገጠመ። መግቢያ የሌለው ክብ ሆነ።

መጀመሪያ ተናደደች። ሁሉም እንደ ግድግዳ ነው የቆሙብኝ አለች በልቧ። አጠገቧ የተቀመጠች ወጣት እናት ሕፃኗን ጡት እያጠባች በሌላ እጇ እግሩን ትዳብሳለች፤ ሕፃኑ ያተኩሳል። ዘቢባ ያንን እግር እያየች ስትቆይ ንዴቷ ቀስ እያለ በረደ። ጋሽ ይመር ለምን እምቢ አሉ? የኑሩ ሥራ በእጃቸው እንዳይጠፋ ፈርተው ነው። አቶ አበጋዝስ? ያስቀየሟቸውን ሴት ዳግመኛ እንዳያስቀይሙ ፈርተው ነው። ሲስተርስ? ይህ ሕፃን ላይ ክፉ እንዳይደርስ ነው። ማሽኖቹ እንኳ የሚሉት ያው ነው፤ ከሥሬ ያለውን ሳላውቅ አልንቀሳቀስም ነው የሚሉት። ሁሉም ቀድሞ ዋስትና ይፈልጋል። ዋስትናው ደግሞ የሚገኘው አንዱ ያለ ዋስትና ሲቀድም ብቻ ነው።

«ታዲያ ማን ይቅደም?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ሲስተርን ይቅደሙ ለማለት ምን ይዣለሁ? ወደ ክፍሉ ስትገባ በአፏ ላይ የነበረው ቃል «አያስቡ፣ አይሳሳትም» የሚል ነበር። ከጋሽ ይመር ጋር ፕሮግራሙን ያስረከቡት ቀንም ያሉት ያንኑ ነው። ቃሉ ግን እውነት አይደለም።

ተራው ጋብ ሲል ተነስታ ገባች።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና እሄዳለሁ።»

«ተናገሪ።»

«ያኔ ስናስረክብዎት አይሳሳትም ብለንዎት ነበር። ዛሬ እንደዚያ ልልዎት አልችልም። ይሳሳታል። እርስዎ ሲሳሳት አይተውታል፤ እኔ አላየሁትም። የት እንደሚሳሳት አላውቅም። ከሰዓቱን የምለምንዎት አውቄ አይደለም፤ ስለማላውቅ ነው።»

ሲስተር የሻረግ የሚዛኑን ጨርቅ እያነጠፉ ነበር። እጃቸው እዚያው ቆመ።

«እጅዎ ነው የምትዪኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«አይደለም፣ ሲስተር።»

«ዓይኔ ነው ብዬ ነበር እኔም። አቶ አበጋዝ ሚዛኑን ለሌላዋ ነርስ ቢያስረክቡትስ ሲሉኝ ልቤ ተሰብሮ ነበር፤ ግን አልተከራከርኩም። እንዲያው ምናልባት ልክ ይሆናሉ ብዬ።» ጨርቁን አንጥፈው ጫፉን በመዳፋቸው አስተካከሉ። «ይህች ክፍል ስንት መሣሪያ ገብቶባታል መሰለሽ። ያመጣው ሰው ሁሉ አይሳሳትም እያለ ነው አስቀምጦት የሚሄደው። ይሳሳታል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ዘቢባ የጨርቁን ሌላ ጫፍ ይዛ አስተካከለችላቸው።

«ነገ ከሰዓትን ውሰጂ» አሉ ሲስተር። «በእጄ አሰላለሁ። ድሮም በእጄ ነበር የማሰላው። ነይ፣ አብረን ለአቶ አበጋዝ እንንገራቸው።»

ሲስተር እሺ አሉ፤ አቶ አበጋዝም ከሰዓቱን ሰጡ። ከሰዓቱ ሲገኝ ጋሽ ይመር ፈቀዱ። የይለፍ ቃሉን ግን ለዘቢባ አልነገሯትም፤ ራሳቸው መጥተው አጠገቧ ተቀምጠው ጻፉት። ማስኬጃው ታደሰ።

የኑሩ ሪፖርት ተሰበረ።

ዘቢባ የጋሽ ይመርን ፊት ለማየት ፈራች። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ፋይሉን ከፈቱት። አንዴ «ተመልከት!» አሉ፤ ለእሷ አልነበረም። ቆይተው ደግሞ ብቻቸውን ሳቁ። «ሁልጊዜ ነገሩን ከጫፉ ነበር የሚጀምረው» አሏት። «ሲያወራም እንደዚህ ነበር፤ መጨረሻውን ነግሮሽ ነው ወደ መነሻው የሚመለስ።» የተሰበረው አንድ መስመር ነበር። አስተካከሉት። ሪፖርቱ ወጣ። ፋይሉን ወዲያው አልዘጉትም፤ የቀረውን ማንበብ ቀጠሉ።

ማስኬጃው ሲታደስ ተርጓሚው ተነሳ፣ ተርጓሚው ሲነሳ ማዋቀሪያው ተነበበ፣ ማዋቀሪያው ሲነበብ መፈተሻው ፈተነ።

አረንጓዴ መስመሮች ከታች ወደ ላይ ይፈሱ ጀመር። ነጥብ፣ አለፈ። ኮማ፣ አለፈ። ክፍት ቦታ፣ አለፈ። ባዶ፣ አለፈ። ዘቢባ አንድ በአንድ ታነባለች። የእንግሊዝኛው ምልክት ሁሉ አለቀና የአማርኛው ተራ ደረሰ። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ቀይ መስመር መጣ። 8።5 ብዬ ብሰጠው የሰማንያ አምስት ኪሎ ሰው መጠን መለሰልኝ ይላል።

ያቺ ቁጥር ተገኘች።

ሲስተር የሻረግ የሕፃናቱን ስም በአማርኛ ነው የሚጽፉት። ስሙን ጽፈው ቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልሱ ክብደቱን ሲያስገቡ ነጥቧ አራት ነጥብ ሆና ትወጣለች፤ ያን ቀን እንደገና ሲጽፉ ሰሌዳውን መልሰውት ስለነበር ነው ልክ የመጣው። በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ 8።5 እና 8.5ን ማንም ሰው በቀላሉ አይለያቸውም። ፕሮግራሙ የእንግሊዝኛውን ምልክት ሁሉ ለይቶ እንዲይዝ ተነግሮታል፤ አራት ነጥብን ግን አያውቃትም። ያላወቀውን እየጣለ እንዲያልፍ አድርጋ የጻፈችው ደግሞ ዘቢባ ራሷ ናት። ነጥቧን ጣላት፤ ስምንት ተኩል ሰማንያ አምስት ሆነ። ዘቢባ ጠረጴዛዋ ላይ ስትሞክር የሕፃን ስም በአማርኛ ጽፋ አታውቅም ነበር።

ጋሽ ይመር ከኋላዋ ቆመው ቀዩን መስመር አነበቡት። «የእጅ ስህተት አልነበረማ» አሉ ቀስ ብለው።

ዘቢባ ፕሮግራሙን አስተካከለች። አራት ነጥብን እንደ ነጥብ ቁጠራት ልትለው አሰበችና ተወችው። በሕፃን መድኃኒት ላይ መገመት ጥሩ አይደለም። የማታውቀው ነገር ሲሰጥህ አትጣለው፣ አትገምተው፣ እምቢ በል አለችው። ፈተናውን ደገመችው፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ደወለች። ሲስተር የሻረግ «ሃሎ» ሲሉ ስልኩን ለጋሽ ይመር ዘረጋችላቸው። ጋሽ ይመር እጃቸውን ወደኋላ ሊሰበስቡ ካሉ በኋላ ተቀበሏት።

«ሲስተር፣ ይመር ነኝ» አሉ። «እጅዎ አልተሳሳተም። ዓይንዎም አልተሳሳተም። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ሰሌዳው ከአማርኛ ሳይመለስ የምትጻፈውን ነጥብ ማሽኑ አያውቃትም ነበር፤ አሁን አስተካክለነዋል። ይህንኑ ለአቶ አበጋዝም እነግራቸዋለሁ።»

ከዚያኛው ጫፍ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ጋሽ ይመር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ቆዩ» አሉ ሲስተር። «ሚዛን ላይ ልጅ አለችኝ። ስሟን በአማርኛ ጽፌያለሁ፤ ሰሌዳውን እንዳለ እተወዋለሁ። አውቄ ነው።»

ቁልፎቹ ሲንኳኩ ተሰማ። ዘቢባና ጋሽ ይመር ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ምን አለዎት፣ ሲስተር?» አለች ዘቢባ።

«እምቢ አለኝ» አሉ ሲስተር የሻረግ፤ ሳቃቸው በድምፃቸው ውስጥ ነበር። «ክብደቱ አልገባኝም፣ እንደገና ይጻፉልኝ ይላል። እሰይ! እንዲህ ይበለኝ እንጂ።»